ከምሳ በኋላ የሚመጣው ሻይ

የሆስፒታሉን ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ቀጥ አድርጋ የያዘችው ወጥ ሠሪ «እትዬ ሚዛን» ትባላለች። ጨው ለክታ አታውቅም፤ አንድ ቀንም በዝቶባት አያውቅም። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ብቅ እያሉ «እጅሽ ይባረክ» ይሏት ነበር። ነበር ነው እንግዲህ።

አዲሷ የሥነ ምግብ ባለሙያ እውነተኛ ሚዛን ታቅፋ የመጣች ዕለት ነገር ተበላሸ። ገና ለጋ ናት፤ ሽንኩርት ሲከተፍ ከሩቅ የምታለቅስ። ይህችው ልጅ «የጎመኑን ውሃ አትድፉት፤ ቫይታሚኑ እዚያ ውስጥ ነው የቀረው» ስትል ረዳቶቹ አፋቸውን ከፍተው አዳመጧት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደፋው የኖረችው እትዬ ሚዛን ግን አንጀቷ አረረ። «ውሃውን ስለደፋሁ የሞተ በሽተኛ ካለ ስሙን ጥሪልኝ» አለቻት። የሳቀላት የለም።

ይህንስ ትችለው ነበር። የባሰው የገዛ ልጇ ነገር ነው። ልጇ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ደሟ አንሷል፤ የብረት እንክብሉ አልስማማ ብሎ ያስመልሳታል። ሐኪሙ «እስክትወልጂ ደምሽ ከፍ ካላለ ያሰጋል» ብሏታል። እናቷ ወጥ ሠሪ ሆና ሳለ ልጅ ሆዬ ምክር ፍለጋ የሄደችው ባለሙያዋ ዘንድ ነው። በወረቀት አስጽፋ መጣች፦ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ላዩ ላይ ሎሚ። ሻይ ግን ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዘው፣ ከምግብ ጋርም ሆነ ወዲያው ከምግብ በኋላ ክልክል ነው።

ሻይ! ከልጅነቷ ጀምሮ ከምሳ በኋላ ቀረፋ ጣል አድርጋ የምታጠጣትን ሻይ! እትዬ ሚዛን ቀናች። ሌላ ስም አያስፈልገውም፤ ቅናት ነው፣ ያውም የሚያንገበግብ። ምሳውን ወረቀቱ እንዳለው ሠራች፤ ሎሚውንም ጨመቀች። ሳህኑ ሲነሳ ግን ሻዩን ይዛ ከች አለች።

«አንዲት ብርጭቆ ለእናትሽ ስትይ። ደግሞ ሻይ ሰው ሲገድል የት አይተሻል?»

ልጇ ብርጭቆውን አየት አድርጋ ጠጣችው። በማግስቱም ጠጣች። ወሩን ሙሉ እንደዚሁ ሆነ።

ወር ሲሞላ ደሟ ተመረመረ፤ ፈቀቅ አላለም። እግዜር ይቅር ይበላትና እትዬ ሚዛንን መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። «ወረቀትሽ ይኸው ነው?» ልትል ባለሙያዋ ክፍል ሰተት ብላ ገባች። ልጇ ቀድማ እዚያ ተቀምጣለች። ባለሙያዋ ያንኑ ወረቀት ደጋግማ ታነባለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አልገባኝም» አለች። «እውነቱን ንገሪኝ፣ ሻይ ጠጥተሻል?»

«ኧረ በፍጹም» አለች ልጅ፣ ወደ እናቷ ሳትዞር።

«እንግዲያው ምግቡ አልሠራልሽም ማለት ነው። ደም እንዲሰጥሽ ለሐኪሙ ልጻፍለት።»

እትዬ ሚዛን ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«አትጻፊ» አለች። «ሻዩን ያጠጣኋት እኔ ነኝ። በየቀኑ፣ ምሳዋን እንደጨረሰች። ቀንቼብሽ ነው።»

ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ጊዜ አለን፣ እትዬ። ያለ ሻይ ሦስት ሳምንት እንሞክረው» ብቻ አለች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

እናትና ልጅ ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

«አንቺስ» አለች እናት፣ «እንደሚጎዳሽ እያወቅሽ ለምን ጠጣሽው?»

«ፈርቼ ነዋ፣ እማዬ። እምቢ ብልሽ ታኮርፊያለሽ፤ ስወልድ አጠገቤ አትሆኚም ብዬ።»