በጉሮሮ የሚመረጥ ዘንግ

ጥሩ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚታወቀው በጉሮሮ ነው። አንዱ እጀታውን ይይዛል፣ ሌላው ጫፉን ጉሮሮው ላይ አስደግፎ ይናገራል። እጀታውን የያዘው ሰው ድምፁ መዳፉ ላይ ከመጣለት ያ ዘንግ ይሰማል ማለት ነው። ካልመጣለት ዱላ ነው፤ ውሻ ያባርሩበት።

ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ጣና ዳር የሚያርስ ገበሬ ነበር፤ ከእርሻ መልስ ዓሣ ያጠምዳል። አዲስ ቀርከሃ በቆረጠ ቁጥር እኔን ፊቱ ያቆመኝና ጫፉን አንገቴ ላይ አድርጎ፣ «በይ አባታችን ሆይ በዪ፣ ቀስ ብለሽ» ይለኛል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ያዳምጣል። «አሜን» የምትለዋ ከደረሰችው ቀርከሃው ዘንግ ይሆናል። ካልደረሰችው ለአጥር ይጥለዋል። እኔ ያንን ጸሎት ቄስ ሳያስተምረኝ በፊት በአባቴ መዳፍ በኩል ለምጄዋለሁ።

አዲስ አበባ ስመጣ ሥራ ያገኘሁት ቦሌ ነው፤ አውሮፕላን ጥገና የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ዘንድ በወጥ ቤት ሠራተኛነት። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የቁም ሳጥኑ ብርጭቆ ይንጫጫል፤ ሰውየው ግን ጆሮው ሌላ ቦታ ነበር። ግድግዳው ላይ አምስት የዓሣ ዘንጎች ሰቅሎ፣ እሑድ እሑድ ወደ ቆቃ ይዟቸው ይወርዳል። በአገሩ ባስ የሚባል ዓሣ ሲያሳድድ ነው ያደገው።

«ባስ አይጎትትም» ይለኛል፣ ሽንኩርት ስከትፍ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ። «ከታች ሆኖ አፉን ይከፍታል፣ መንጠቆውን ከነውኃው ይስባል። ብረት መሆኑን ሲያውቅ፣ እንትፍ! አለቀ።»

የሚጠቀምበት መንጠቆ ጂግ ይባላል፤ አናቱ ላይ እርሳስ የቀለጠበት፣ ጭራው ላይ ላባ የታሰረበት ነው። ሐይቁ ወለል ላይ ተቀምጦ ትንሽ ትንሽ እየዘለለ ይሄዳል። ዓሣው ሲነካው ወደ ሰውየው እጅ የምትመጣው አንዲት ጠቅታ ናት፤ ከዚያ ሌላ የለም። ያቺን ጠቅታ የማያመጣ ዘንግ ይዞ ውኃ ዳር መቆም ደንቆሮ ቤት በር ላይ ቆሞ እንደመጣራት ነው። ስለዚህ ዘንጉ ቀላልና ቀጭን፣ ጫፉ ንቁ፣ ወገቡ ግን ጠንካራ መሆን አለበት። እጀታው ላይም ጣት ዘንጉን ራሱን የሚነካበት ክፍተት ያስፈልገዋል።

አንድ ቀን የአባቴን ዘዴ ነገርኩት። ሳቀ፤ ግን አምስቱንም አወረዳቸውና ሞከርን፣ እኔ እጀታ ይዤ እሱ በቋንቋው እያንጎራጎረ። ጥቁሩ፣ ከሁሉም ቀጭኑ፣ ሰውየው ሲተነፍስ እንኳ ይነግረኝ ነበር። ቀዩ ግን ምንም አላለኝም። ቀዩ ወፍራም ነው፤ ወርቅማ ክር የተጠመጠመበት፣ የሚያብለጨልጭ። አንድ ጊዜ የመኪና በር ሰብሮት በሙጫና በጨርቅ ጠግኖት ኖሯል፤ ያ ሁሉ ወርቅማ ክር ስብራቱን መሸፈኛ ነው። ለመልኩ ብቻ ነበር የሰቀለው። ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲሄድ አምስቱንም ለእኔ ተወልኝ። ቤቱን ሌላ ፈረንጅ ተከራየው፤ እኔንም ከነማጀቱ ተረከበኝ። ዘንጎቹን ጓሮ ባለችው ክፍሌ ጥግ አቆምኳቸው።

አሁን ይህን ሁሉ ወደሚያስወራኝ ሰው ልምጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሚፈርመው እሱ ነው። ከአገር ደብዳቤ መጣልኝ፦ አባትሽ ሕመሙ ጸንቶበታል፣ በሕይወት እንድታገኚው ፈጥነሽ ድረሺ። ደብዳቤውን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። «ሰኞ ነይ» አለኝ። ሰኞ ሄድኩ። «እሑድ ለሰልፉ ያልወጣሽው ለምንድን ነው?» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ አልኩት። ወረቀቱን ገፋው።

ሦስተኛው ቀን ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው እያለ እንድነሣ አደረገኝና ጉዳይሽን ለሕዝቡ ተናገሪ አለኝ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ሚካኤል ብለው! አባቴ ሊሞትብኝ ነው» አልኩት።

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ሚካኤል? እንግዲያው ሚካኤል ይፈርምልሽ! ክንፉንም ያውስሽ፣ የአውቶቡስ ይተርፍሻል!»

ሰው ሳቀ። ፈርቶ የሳቀ አለ፣ ደስ ብሎት የሳቀ አለ፤ እኔ አልለየሁም። አባቴ በዚያ ሳምንት ዓረፈ። የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው።

የበኩር ልጁ እኔ ስለሆንኩ፣ ያለ እሷ አይሆንም ብለው ተዝካሩን ለሙት ዓመቱ አቆዩት። ስለዚህ በዚያ ዓመት ከእግዚአብሔር የለመንኩት አንድ ነገር ነው፦ ለሙት ዓመቱ የሚያደርሰኝን ይለፍ። ሌላም ነገር እመኝ ነበር፤ እሱን ግን በጸሎት መካከል አላስገባውም። ያ ሊቀመንበር ሰው ፊት ቆሞ፣ ለምኖ ለምኖ፣ መልስ ሲያጣ ማየት ነበር የምመኘው።

ሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የክፍሌ በር ተንኳኳ። እሱ ነው፤ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ።

«ጓድ፣ የባሕር ሰው ነሽ አሉኝ።»

«የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ያው ነው፣ ውኃ ውኃ ነው። ፈረንጁ ዘንጎች ትቶልሻል አሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከቀበሌዎች በላይ ያለው፣ ከፍተኛ የሚሉት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እሑድ እሑድ ቆቃ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ለትምህርት ወደ ውጭ የሚላኩ ጓዶችን ስም የሚያቀርበውም ይኸው ሰው ነው። የእኛ ሊቀመንበር በሕይወቱ መንጠቆ ይዞ አያውቅም፤ ግን ከኃላፊው ጋር ሻይ ሲጠጡ፣ «እኔም እኮ የድሮ አጥማጅ ነኝ» ብሎ አርፏል። ለመጪው እሑድ ተጋብዟል።

«ዓሣ የሚይዝ ዘንግ ምረጪልኝ» አለኝ። «አንቺም ትሄጃለሽ፤ ዓሣ የሚያጥብ ሰው ይፈለጋል። ዓሣ ከያዝኩ ሰኞ ይለፍሽን እፈርማለሁ። ቃሌ ነው።»

እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ መጀመሪያ ያነሣሁት ጥቁሩን ነው። አባቴን አሰብኩ፤ ቂሜን ዋጥ አደረግኩትና ጥቁሩን ሰጠሁት።

«ይኼ መፋቂያ ነው ወይስ ዘንግ?» አለ።

«ይሰማል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለዓሣ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ይሞክሩት።»

እጀታውን እኔ ያዝኩ። ጫፉን ጉሮሮው ላይ፣ ከአንገትጌው በላይ አሳረፍኩለት። የፈለጉትን ይናገሩ አልኩት። ጫፉን ቁልቁል ለማየት ሲሞክር ዓይኖቹ ተጣመሙ፣ ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ፤ ነገሩ ትዝ ሲለው ፊቱ በራ።

«ምን ልበል? ሚካኤል ይፈርምልሽ! ኧ? ያን ቀን እንዴት አስቄ ነበር!»

ጥቁሩ ዘንግ አንዲት ፊደል አላስቀረም። ሁሉንም በመዳፌ አስገባልኝ፤ ሳቁን፣ ከሳቁ በኋላ የዋጠውን ምራቅ ጭምር። አባቴ «አሜን»ን ይቀበል በነበረበት ቦታ እኔ ይህን ተቀበልኩ። የደም ሥሩ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ጫፉ ጉሮሮው ላይ ነው፣ እጀታው በእጄ ነው።

ጥቁሩን መለስኩና ጥግ አቆምኩት።

«እውነትዎን ነው፣ ይኼ ለእርስዎ አይሆንም» አልኩት። ቀዩን አነሣሁ። «ለእርስዎ የሚመጥነው ይኼ ነው።»

«ይኸውልሽ! ዘንግ ማለት ይኼ ነው! የወንድ!» አየሩን ሁለት ጊዜ ገረፈበትና ሊወጣ ዞረ። ይህንንስ ጉሮሮዬ ላይ አድርጊልኝ አላለም። ቢለኝ አደርግለት ነበር። የተናገርኩት ቃል ውስጥ ሐሰት ካለ ፈልጉልኝ።

እስከ እሑድ አራት ቀን ነበረኝ። ሄጄ፣ ተሳስቻለሁ፣ ይቀይሩት ማለት እችል ነበር። ይለፌን በገዛ እጄ እንደጣልኩት አውቃለሁ። ሌላ ሰው አልጣለብኝም። ቅዳሜ ጥቁሩን ይዤ እስከ ቀበሌው በር ድረስ ሄጄ ነበር፤ ከውስጥ ሳቁን ሰማሁና ተመለስኩ።

እሑድ ቅዳሴ ቀርቶብኝ በላንድሮቨር ቆቃ ወረድን። ኃላፊው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፣ ጂጉን ጣለ፣ ትንሽ ቆይቶ አምባዛ አወጣ። ሊቀመንበሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ ቀዩን ዘንግ እንደ ባንዲራ ይዟል። እኔ ሳፋዬንና ቢላዬን ይዤ በጎኑ ተቀምጫለሁ። ክሩን አየዋለሁ። ጠቅ ይላል። ዓሣው መጣ፣ ቀመሰ፣ ተፋ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። አሁን ሳብ ቢያደርገው ይይዝ ነበር። እሱ አድማሱን ያያል። የዓሣው ምልክት በጨርቁና በሙጫው ላይ እየሞተ ነው፤ እጁ ጋ አይደርስም። ስምንት ጊዜ ቆጠርኩ። ስምንቱንም ጊዜ ዝም አልኩ፤ ደስታዬ ምላሴ ላይ እንደ ማር ነበር። ይህን ስጽፍም እንደዚያው ነው።

እኩለ ቀን ላይ ኃላፊው አራት ዓሣ ይዟል።

«ጓድ» አለ ዞር ብሎ፣ «ዓሣው ካንተ ጋር ስብሰባ ላይ ነው እንዴ?»

ሾፌሩ ሳቀ። ሊቀመንበሩም አብሮ ሳቀ፤ ግንባሩ አልቦታል። ኃላፊው ተነሥቶ መጣና ቀዩን ዘንግ ከእጁ ወሰደ። በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፣ ወርቅማውን ክር በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ይኼን ማነው የመረጠልህ?»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ተመለከተ። የያዝኩት ዓሣ ከእጄ ሊሾልክ ነበር። በዚያን ጊዜ አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች፤ በአንድ ሰው ላይ ከተለጠፈች የት እንደምታደርሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷ ናት ቢል አልቆልኝ ነበር። ግን የድሮ አጥማጅ ነኝ ብሏል። የወጥ ቤት ሠራተኛ መረጠችልኝ እንዴት ይበል?

«እኔው ነኝ» አለ። «በልምድ።»

«በልምድ!» አለ ኃላፊው። «ጓድ፣ ይኼ እኮ የመጋረጃ ዘንግ ነው።»

አሁን ሁሉም ሳቀ፤ ሾፌሩ፣ ጠባቂዎቹ፣ ኃላፊው ራሱ። እንደዚያ አዳራሽ ዓይነት ሳቅ ነበር፤ የፈራም ደስ ያለውም የተቀላቀለበት። ሊቀመንበሩ ዘንጉን ተቀብሎ ወደ ውኃው ዞረ፣ መንጠቆውን እንደገና ጣለ፣ ጠበቀ። የሚያደርገው ሌላ ነገር አልነበረውም። ሳፋዬን ይዤ ውኃ ልቀዳ በአጠገቡ ሳልፍ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሚካኤል ይያዝልዎ» አልኩት።

ዞረ። ፊቱን ያየሁት ለአፍታ ነው። ያ ፊት እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው፤ በችግሬ ቀን አውጥቼ አየዋለሁ።

ሰኞ ቀበሌ ሄድኩ፤ እንደማይፈርም እያወቅኩ።

«ሆን ብለሽ ነው» አለኝ በሩን ዘግቶ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የመረጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ? በልምድ?»

ወረቀቱን ቀዶ ጣለው። ለውጭ ትምህርት ከተላኩት ውስጥ እሱ አልነበረም። በዓሣው ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም፤ በዓሣው ነው ብዬ ማመን ግን ያስደስተኛል። ከሃያ ሁለት እስከ እኛ ሰፈር ድረስ ከኋላው «መጋረጃ» ይሉት ነበር። ያንን ወሬ ያመጣው ሾፌሩ ነው፤ እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

የአባቴ ተዝካር ያለ እኔ ወጣ። የወሎ ሰው የሆነ ሙስሊም ጎረቤቴ በጭነት መኪና ወደ አገሬ ሲሄድ ጧፍና ዕጣን ላኩበት፤ አደራዬን ሳያጎድል አደረሰልኝ። በዕለቱ ክፍሌ ውስጥ ጥቁሩን ዘንግ አንሥቼ ጫፉን ጉሮሮዬ ላይ አደረግኩት። እጀታውን የሚይዝልኝ ሰው ስላልነበረ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። አባታችን ሆይ አልኩ። ግድግዳው ሰምቶ እንደሆነ እንጃ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለአባቴ ነው ያለቀስኩት፤ በሠራሁት ግን አይደለም።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ማለቴን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመልአኩን ስም እንደ ድንጋይ መወርወሬን ስነግራቸው ግን ተቆጥተው ስግደት ሰጡኝ።

«ይቅር በዪው፣ ልጄ» አሉኝ።

«እሺ አባቴ» አልኳቸው። ስግደቱን አንዲት ሳላጎድል ፈጸምኩ።

ዛሬ የምኖረው አያት ነው፣ አራተኛ ፎቅ፤ ጣና ያን ጊዜ ከነበረው አልቀረበኝም። ጥቁሩ ዘንግ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ጸሎቴን በየቀኑ አደርሳለሁ። ግን አንድ ሰው መጥቶ እጀታውን ቢይዝልኝና ጫፉን ጉሮሮዬ ላይ ቢያደርገው፣ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋ ላይ ስደርስ መዳፉ ላይ ምንም አይመጣለትም።

ጥፋቱ የዘንጉ አይደለም።