ቦጋለች ፈልፍላ የሠራችው ቤት

ቦጋለች ፈንታን ስታገባው በስማዳ ምድር ከእሱ የተሻለ የእህል ጉድጓድ ቆፋሪ አልነበረም። በወገዳ ዙሪያ ገብስና ባቄላ የሚያከማች ሁሉ እሱን ያስጠራል። አፉ አንድ ሰው ብቻ የሚያሾልክ፣ ሆዱ እንደ ጋን የሰፋ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በእበት ለስኖ፣ ጭድ አልብሶ ያስረክባል። እህሉ ሦስት ክረምት ቢቀመጥ እርጥበት አይነካውም እየተባለ ይወራለት ነበር። ቦጋለች አፈር የጠገበ ልብሱን ወንዝ ወርዳ ባጠበች ቁጥር ትስቅና «እኔ አንተን ብቻ መች አገባሁ፤ መሬቱንም ጭምር ነው እንጂ» ትለው ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ ፈንታ የአንድ ባላገር አሮጌ ጉድጓድ ሲያሰፋ ዙሪያው ተናደና እስከ ደረቱ ዋጠው። ጎረቤት ተሯሩጦ በእጁ እየጫረ አወጣው። ነፍሱ ተረፈች፤ ዳሌውና እግሮቹ ግን ተሰባበሩ። ወጌሻው ሁለት ወር ሙሉ እየተመላለሰ አሸው፣ ጠገነው። በመጨረሻ ፈንታ በሁለት ምርኩዝ ተደግፎ ደጅ ለመውጣት በቃ። ከዚያ ያለፈ አልሆነም። ሰው «እግዜር ይማርህ» ሊለው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቦጋለች ግን ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትሳለምና «ባሌን መልሰህ ሰጥተኸኛል፤ ሌላውን እኔ እችለዋለሁ፤ ተመስገን» ትላለች።

ሌላው ደግሞ ቀላል አልነበረም። እርሻውን ወንድሟ ጓዴ በእኩል ያርስላቸው ጀመር፤ በዚያ በኩል ችግር የለም። ችግሩ ቤቱ ነበር። የጎጇቸውን ምሰሶ ምስጥ ጨርሶት ኖሮ፣ የሐምሌ ዝናብ ሲበረታ ጣሪያው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ሰፈርተኛው ደቦ ወጥቶ ሊሠራላቸው ፈቃደኛ ነው፤ እንጨቱ ግን ከየት ይምጣ? በአካባቢው የተረፈው ዛፍ የቤተ ክርስቲያኑ ጽድና ወይራ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይነካም።

በነሐሴ አንድ ቀን ቦጋለች ጭራሮ ልትለቅም ከእናቷ ወደ ደረሳት ርስት ወጣች። ርስት ማለት እንኳ ያሳፍራል፤ በሬ የማያቆም፣ ፍየል ብቻ የሚንጠላጠልበት ቁልቁለት ነው። ዝናቡ ድንገት ሲወርድባት ከአንድ ነጭ ድንጋይ ሥር ተጠጋች። አጠገቧ የጃርት ጉድጓድ ነበር። ምን እንዳሰበች እሷም አታውቅም፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሰደደችበት። እጇ የነካው አፈር ደረቅ ነው። ዘግና አወጣችው፤ እንደ ዱቄት ደቀቀ። ዝናብ መዳፏ ላይ እየወረደበት ጭቃ እስኪሆን ድረስ ቆማ አየችው።

ቤት ስትገባ ለፈንታ ነገረችው። «አፈርም ያልሆነ፣ ድንጋይም ያልሆነ፣ በዶማ የሚቆረጥ ነው። በዚህ ሁሉ ዝናብ ጃርቷ ደረቅ አልጋ ላይ ተኝታለች። እኛስ?»

ፈንታ የተሰባበሩ እግሮቹን በእጁ ዳሰሰ። «መሬት አንድ ጊዜ ውጣኛለች» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለተኛ አልገባላትም። አንቺንም አልሰጣትም።»

ቦጋለች አልተከራከረችውም። ክረምቱን ባዘነበለው ጎጆ ውስጥ ድስቱንም ቅሉንም ለሚያፈሰው ጣሪያ እየደቀነች አሳለፈች። ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ሲያበቃ፣ በታኅሣሥ፣ ዶማውን ከተሰቀለበት አወረደችና ወደ ቁልቁለቱ ወጣች። ፈንታ አየ፤ ከመቀመጫው አልተነሳም። በሦስተኛው ቀን ግን በምርኩዙ እያዘገመ፣ ሦስት ቦታ ላይ እያረፈ፣ ደረሰባት። የቆረጠችውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲህ አይደለም» አለ። «አፉን አታስፊው። ጠባብ አድርገሽ ግቢ፤ ውስጡን ነው የምታሰፊው። ጣሪያውን ደግሞ ጠፍጣፋ አታድርጊው፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይጉበጥ። ጎባጣ ሲሆን ራሱን በራሱ ይሸከማል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ተነጠፈለት። እሱ እዚያ ይቀመጣል፤ እሷ ውስጥ ትቆርጣለች። ፍርስራሹን በአሮጌ ቁርበት ላይ ትጭንና ወደ ውጭ ትጎትታለች። ፈንታ ዓይኑን ጨፍኖ የዶማውን ድምፅ ያዳምጣል። «ይሄ ጤነኛ ነው፤ ቀጥይ» ይላል። ወይም «ወደ ግራ በይ፤ ቀኙ አመዳም ነው» ይላታል። ቦጋለች መጀመሪያ የሚያጽናናት ይመስላት ነበር። ቆይታ ግን ያለው ቦታ ላይ በመታች ቁጥር ድንጋዩ ልክ እሱ እንዳለው ሆኖ ስታገኘው፣ ባሏ እግሩን እንጂ ሙያውን እንዳላጣ ገባት። የዚያን ቀን ቁርበቱን እየጎተተች ብቻዋን አለቀሰች፤ የደስታ ነው።

ሰፈሩ ማውራቱ አልቀረም። «ቦጋለች ባሏን ከነሕይወቱ ልትቀብረው ነው» የሚሉ ሴቶች ነበሩ። ወሬው የነፍስ አባቷ መምሬ ይርጋ ጆሮ ደረሰና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ቦጋለች ሊቆጧት መስሏት አፈር በለበሰ ፊቷ ጎንበስ ብላ መስቀል ተሳለመች።

«መቃብር ነው የምትቆፍረው ይላሉ» አሏት።

«ቤት ነው መምሬ። ምን ላድርግ ብለው ነው? እንጨት የለኝም።»

መምሬ ይርጋ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። «ጌታችንስ የተወለደው በዋሻ አይደለም?» አሉ፤ ለቦጋለችም ለፈንታም ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስላሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አኖሩና የቁርበቱን ጫፍ ያዙ። «በይ ተነሽ፣ በዚያ በኩል ያዥ» አሉ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ጎተቱ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ የመቃብሩም ወሬ በዚያው ቆመ።

በመጋቢት ሥራው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ቦጋለች የጣሪያውን መሀል ስትመታ ድምፁ ተለወጠ። እሷ አልለየችውም። ከውጭ ግን «ውጪ! ዶማውን ጣይና ውጪ!» የሚል ጩኸት ሰማች። እየሮጠች ስትወጣ የፈንታ ፊት አመድ መስሏል።

«ባዶ ነው» አለ። «ከላይ ከዋናው ድንጋይ የተላቀቀ ነገር አለ። የት ድረስ እንደሄደ ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም።»

አራት ወር የደከመችበት ነው። ቦጋለች «ይቅር፤ ተወው። አንተ ከምትሸበር ጎጆው ይበቃናል» ልትለው አፏን ስትከፍት፣ ፈንታ ምርኩዞቹን አጋድሞ በክርኑና በደረቱ እየተሳበ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ከተናደበት ቀን ወዲህ እንኳን ጉድጓድ ጨለማ ቤት መግባት የሚከብደው ሰው ነው። ከኋላው ስትከተል ትንፋሹ ይሰማታል፤ ላቡ ከግንባሩ አፈር ላይ ጠብ ጠብ ይላል። መሀል ሲደርስ በጀርባው ተጋደመ። የጣለችውን ዶማ አንስቶ፣ እሷ ቁርበቱን ጠቅልላ ከጀርባው ከፍ አድርጋ ስትደግፈው፣ ጣሪያውን በእጀታው እየቆረቆረ ድምፁን በጆሮው ተከተለ። እዚህ፣ እዚያ፣ እንደገና እዚህ።

«እስከዚህ ድረስ ነው» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ረግቷል። «ከዚህ ወዲያ ጤነኛ ነው። እዚህ ጋ ገና ካልተቆረጠው ድንጋይ ሁለት ሰው የሚያቅፈው ምሰሶ ተይለት። ያን የተላቀቀውን ደግሞ ከደጅ ሆነን እናወርደዋለን።»

ወጡ። ቦጋለች ረጅም ሹል እንጨት ይዛ ከመግቢያው ቆማ እሱ ባላት ቦታ ነቀነቀችው። በሦስተኛው ጊዜ በሬ የሚያህል ድንጋይ ተገምሶ ወረደ። አቧራው ሁለቱንም አለበሳቸው። ሲጠራ ተያዩ፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ፈንታ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አሥር ወር ያልሰማችውን ሳቅ ስትሰማ ቦጋለች እዚያው ተንበርክካ መሬቱን ሳመች።

በግንቦት ማለቂያ ገቡበት። አንድ ሰፊ ክፍል፣ ከድንጋዩ ተቆርጦ የቀረ መደብ፣ በስተቀኝ የጥጃ ማደሪያ፣ ከላይ ደግሞ ጎርፍ የሚያሳልፍ ቦይና የጭስ መውጫ ነበረው። የመጀመሪያው ዶፍ ዝናብ ሲወርድ ቦጋለች በልማዷ ተነስታ ሁለት ድስትና አንድ ቅል ወለሉ ላይ ደቀነች። ፈንታ ሳቀባት እንጂ አልከለከላትም። ዝናቡ አባርቶ ስታያቸው ሦስቱም ደረቅ ናቸው። አንድ ጠብታ የለባቸውም። ለምስክርነት ጓዴን ጠርታ አሳየችው።

በዓመቱ እዚያው ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጥሩዬ አሏት። ውርጩ ገብሱን በሚያቃጥልበት በኅዳር ውስጡ ይሞቃል፣ በሚያዝያ ሐሩር ይቀዘቅዛል። ፈንታም በር ላይ ቁጭ ብሎ አልቀረም። ጆሮው ዝና አገኘ። ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ቁልቁለቱን ፈልፍሎ ቤት ማውጣት የሚያምረው ሰው በቅሎ ይልክለታል፤ አንድ ጊዜ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ሁሉ መጥተው ወስደውታል። እሱ ያዳምጣል፤ መጀመሪያ የሚቆርጠውን ቦታ ቦጋለች በዶማ ምልክት ታደርጋለች። «አምላክ እንዲህ ባይሰብረኝ ኖሮ» ይል ነበር አንዳንዴ፣ «የእኔ ሚስት ምን እንደምትችል ሳላውቅ እሞት ነበር።»

ጥሩዬ አድጋ አርብ ገበያ ከተማ ላለ ነጋዴ ተዳረች። አማችየው ደግ ሰው ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ሠራና አማቶቹን ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ኑሩ ብሎ ወሰዳቸው። አልጋ ተነጠፈላቸው፣ የጎደለ ነገር የለም። በሐምሌ በረዶ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን ፈንታ ይናገራል፣ ቦጋለች አትሰማውም፤ ቦጋለች ትመልሳለች፣ ፈንታ «ምን?» ይላል። በነሐሴ አጋማሽ ልጃቸውን መርቀው፣ አማቻቸውን አመስግነው፣ በቅሎ ተጭኖላቸው ተመለሱ።

ያረጁት መምሬ ይርጋ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኟቸው። «የቆርቆሮ ቤት አልተስማማችሁም እንዴ?» አሉ።

«ምን ይወጣለታል መምሬ! እግዜር ይስጣቸው፣ እንደ ንጉሥ ነው ያኖሩን» አለች ቦጋለች። «ነገር ግን ሲዘንብ መጨዋወት አይቻልም። እኔና ፈንታ ደግሞ ገና ብዙ የምናወራው አለን።»

መስቀል ተሳልመው፣ ፈንታ በበቅሎው ላይ፣ እሷ ልጓሙን ይዛ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ።