ሚሌ ብድግ ሲል

ሙሉ ስሙ ሚሎራድ ነው፣ እኛ ግን ሚሌ ነው የምንለው። የእህቴ ልጅ ጸዳለ አግብታ ስታመጣው አባቷ ጋሽ ንጉሡ «ሚሌ? የአፋሯ ሚሌ፣ ያቺ በረሃ? ታዲያ ይሄ ሁሉ ቁመት ለጥላ ነው?» ብለው አሹፈውበታል። ሰርብ ነው። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ሴንተር የሚሉት፤ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ የሚገፋና የሚገፋ ሰው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ ጓደኞቼ «ሴንተር ነው» ብላቸው የሥራ ቦታ መስሏቸው «የትኛው ሴንተር? ሰው ይቀጥራሉ?» አሉኝ። ጉድ እኮ ነው!

ያልተጫወተበት አገር የለም። ከሰርቢያዋ ቻቻክ ተነስቶ ቱርክ፣ ሊባኖስ፣ ኢራን፣ ቻይና። ጸዳለን ያገኛት ቤይሩት፣ ሆቴል ስትሠራ ነው። ዲቪ ሲደርሳት ተከትሏት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚሉት ሰፈር ገባ። ገባ ስል እንግዲህ ሰመር ሰመር ነው፤ መስከረም ሲጠባ ሻንጣውን ይዞ ውልቅ።

በፈረንጆቹ 2013 ቆጵሮስ ሲጫወት ጉልበቱ ተበላሸ። ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ አልዳነም። ከዚያ ወዲህ ያ ጠባብ አፓርታማቸው እኔን ራሴን ያፍነኝ ጀመር። በር ሲያልፍ ጎንበስ፣ ሻወር ሲገባ ጎንበስ፣ ጸዳለ ሥራ ስትሄድ ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ኩርምት። «አክስቴ፣ ኳስ ከሌለ እኔ ምንድን ነኝ?» ይለኛል በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። አንጀቴን በላው።

ከዚያ ቤት የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኡራጓይ ክለብ ውል። የክለቡ ሰው ለሌላ ጉዳይ ዋሽንግተን ስለሚመጣ ቤት ድረስ መጥቶ ሊያስፈርመው ተስማሙ። ጉልበቱ አለመዳኑን የምናውቀው እሱ፣ ጸዳለና እኔ ብቻ ነን። «እዚያ ስደርስ ይሻለኛል» ይላል፣ ራሱም አምኖታል።

መላ መታን። ሰውየው ሳይመጣ ሚሌ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ እኛ እናስተናግዳለን፣ እሱ እንደተቀመጠ ይፈርማል። ድንገት ብቅ ማለት የሚወዱትን ጋሽ ንጉሡን ቤተ ክርስቲያን ላክናቸው። ምስጢር አይቋጥሩም፤ ሰው ባገኙ ቁጥር «አማቼ» እያሉ ሲኩራሩ ነው የሚውሉት።

የሚኮሩበትም ምክንያት አላቸው። ጸዳለ ገና ድሮ ባሏን ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» እንዲል፣ የገባው ሰው «በእግዜር» ሳይል እንዳይቀመጥ አስተምራዋለች። የእኛዎቹ ልጆች ስልካቸው ላይ እንደተደፉ «ሃይ» ይላሉ። ይሄ ፈረንጅ ግን ብድግ ሲል ጣሪያውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ጋሽ ንጉሡም «በእግዜር»ን ቆየት አድርገው ነው የሚሏት፣ ቁመቱን አይተው ሲጠግቡ።

ሰውየው መጣ። በላ፣ ቀይ ወጡን አደነቀ፣ ሳቀ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ለሚሌ ሲያቀብለው በሩ ተከፈተ። የፈሩት ይደርሳል! ጋሽ ንጉሡ። ከቤተ ክርስቲያን አንዱ በመኪናው ራይድ ሰጥቷቸው ቀድመው መጡ።

«በእግዜር! በእግዜር!» ብዬ ጮህኩ። ግን ይህን የሚለው የገባው ሰው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ያንንም ጸዳለ አስተምራዋለች። ሚሌ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተነሳ። «ኖር» አለ። ጋሽ ንጉሡ እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው ዝም። በልቤ «ይበሉ እንጂ፣ ሰውዬ!» እያልኩ ተቃጠልኩ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከዳው፣ ያ ሁሉ ቁመት ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ወጡ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ።

ሰውየው ደግፎ አስቀመጠው። ያበጠውን ጉልበቱን አየና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። «ስትድን ደውልልኝ» ብሎት ሄደ።

ጋሽ ንጉሡ ነገሩን ስንነግራቸው እንደ ልጅ አለቀሱ። አሁንማ ገና ከሊፍቱ ሲወርዱ «በእግዜር! በእግዜር ልጄ!» እያሉ ነው የሚመጡት። ጎረቤቱ ያበዱ መስሎታል። ሚሌ ግን የሶፋውን ክንድ ይዞ፣ እያቃሰተ፣ ይነሳል። ባለፈው እሁድ ተናደድኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ በእግዜር ተባልክ አይደል? አርፈህ አትቀመጥም?»

«አክስቴ» አለኝ እንደቆመ፣ «ሌላ የምነሳለት ምን አለኝ?»