የእግር አጣጣል

ከነርቭ ክፍሉ በር ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰውዬ ልብስ ሰፊ መሆናቸውን የነገሩኝ ኮታቸው ላይ የተሰኩት ሦስት መርፌዎች ናቸው። የሁለቱም ጫማቸው ጫፍ ተበልቷል፤ ሲራመዱ እግራቸው አይነሳም፣ ወለሉን ይጠርጋል።

"ይሄ አራተኛው ሐኪም ነው" አሉኝ ሳልጠይቃቸው፣ በምሬት። "አራቱም ክብ ይስሉና ለሁለት ይከፍሉታል። 'ሴል ሲከፈል የሚያግዝ ፕሮቲን አለ፤ ነርቭም ለራሱ ሥራ ይፈልገዋል፤ የእርስዎ ከዘር የመጣ ብልሽት አለበት' ይሉኛል። ገብቶኛል እኮ። እኔ የጠየቅኋቸው ስለ እሷ ነው።"

እሷ አጠገባቸው የተቀመጠችው፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጃቸው ናት። የደም ምርመራዋ ውጤት የሚነገራት ዛሬ ነው።

"እኛ ቤት ይሄ አካሄድ የአያታችን ኩራት ነው ይባል ነበር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሠርግ ላይ ዘመድ የምንለየው በሱ ነው። ይቺም በአምስት ዓመቷ እግሯን እየጎተተች እኔን መስላ ስትሄድ፣ የኔ ልጅ ብዬ አጨበጨብኩላት። ከዚያ ወዲህ አልተወችውም። አሁን ልማድ ይሁን በሽታ በምን ልወቀው?"

ነርሷ ልጅቷን ጠራቻት። አባትም ብድግ አሉ።

"አንተ ቁጭ በል አባዬ፣ ከሐኪሙ ጋር ትጨቃጨቃለህ" ብላ ብቻዋን ወደ በሩ ሄደች። ጫማዋ ወለሉን እየጠረገ ተጎተተ።

"እግርሽን አንሺ እንጂ፣ አሁንም ትጫወቻለሽ?" አሉ አባት ተቆጥተው።

እሷም ሳትዞር "እያነሳሁት ነው፣ አባዬ" አለች።