ለሩቅ አደባባይ የተጠረበ ድንጋይ

የዳፑ ባል የሞተው የድንጋይ ብናኝ ሳንባውን ጨርሶት ነው። በሕንድ ራጃስታን ባለው በዚያ መንደር አብዛኛው ወንድ እንዲያ ስለሚሞት ማንም አልተገረመም። እሷም ሐዘኗ ሳይወጣላት ከድንጋይ ነጋዴው ከባንሲላል ግቢ ገብታ ኮብልስቶን መጥረብ ጀመረች። የምታገኘው ለዱቄት እንኳ አልበቃ ሲላት ልጇ ሱጂ ትምህርቷን ትታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

ድንጋዩ ባሕር ተሻግሮ ነበር የሚሄደው። አንድ ከተማ አደባባዩን ሊያነጥፍበት ፈልጎ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛው ድንጋይ የልጅ እጅ ያልነካው፣ የሠራተኛ ጤና ያልጎዳ ይሁን ብሎ ውል አስገባ። ባንሲላልም ፈረመ። ከተማው ይህን የምታጣራ ሴት የላከ ዕለት ግን ልጆቹን ማለዳ ከግቢው አስወጥቶ ፍየል ጥበቃ ላካቸው፤ ለእናቶቹ ደግሞ የአፍ መሸፈኛ አደለ።

«ስትጠይቅሽ ሁልጊዜ እናደርጋለን በይ፤ ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ ጌታው።»

እንደዚያ ልትልም አስባ ነበር። መሸፈኛውን ስታስር ግን ባሏ ትዝ አላት። «ጨርቅ እንኳ ስጡን» ብሎ ሲለምን ባንሲላል ስቆበት ነበር። እንግዳዋ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ በአስተርጓሚ «ይሄን ሁልጊዜ ታደርጊዋለሽ?» ስትላት፣ ዳፑ መሸፈኛውን አወለቀችው።

«ዛሬ ጠዋት ነው የሰጡን። ባሌ ሳያገኘው ሞተ። ልጄንም እዚያ ማዶ ደብቀዋታል፤ ሄደሽ እጇን እይው።»

አስተርጓሚው ዞሮ ባንሲላልን አየ።

«የምትለውን ንገረኝ እንጂ!» አለችው ሴትዮዋ። ከሰማች በኋላ የዳፑን እጅ ያዘች። «ይሄ ነገር ይስተካከላል» አለቻት፤ ዳፑም አመነቻት።

ከተማው ግዢውን አቆመ። ከሌላ አገር ገዛ ተባለ። ግቢው ተዘጋ፤ መንደሩም ጦሙን ማደር ጀመረ።

«ምን ነበረበት አፍሽን ብትይዢ?» አለቻት ጎረቤቷ ካንካ፣ ውሃ መቅጃው ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ልጆቼን ምን ላብላቸው? ምላስሽን?»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«እውነቱንማ ማን ያጣዋል! አንቺ ብቻ ባል የሞተብሽ መሰለሽ?»

ዳፑ እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች።

ግቢው እንደገና ሲከፈት ባንሲላል ምንም የማይጠይቅ ገዢ አግኝቶ ነበር። ገዢው ርካሽ ስለሚፈልግ እሱም ከሠራተኛው ክፍያ ላይ ቀነሰ። ዳፑን ከበር መለሳት።

«አንቺ አትገቢም። ልጅቷ ግን ትምጣ፤ እጇ ፈጣን ነው፣ አፏም ዝም ያለ።»

ሰድባው ልጇን እየጎተተች ሄደች። ሥራ ፍለጋ በየመንደሩ ዞረች፤ እሷንም ብናኙ ያስላት ጀምሮ ስለነበር ግን፣ ሳሏን የሰማ ሁሉ ፊቱን አዞረባት። ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፋ። አንድ ማለዳ ሱጂ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሣች።

«ወዴት ነው?»

«ታውቂያለሽ እማ።»

ዳፑ በሩን ዘግታ ቆመች። ልትቆጣ ፈለገች። ከዚያ ግን ቀስ ብላ ከበሩ ዞር አለችላት።

ረፋዱ ላይ ካንካ አሬራ ይዛ ገባች። ይቅርታም አልጠየቀች፣ ወቀሳም አልደገመች። ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

«የኔም ሁለቱ ግቢው ሄደዋል» አለች። «ጠጪ፣ ሳይሞቅ።»