በካቡ ሥር የሚያልፈው ቦይ

ዛሬ ጠዋት የወጥ ቤቱ ፍሳሽ ተዘግቶብኝ፣ በርከክ ብዬ በሽቦ ስጎረጉር ያ የቆየ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን መታው። የታፈነ ውሃ ሽታ የትም ቢሆን አንድ ነው። ልጆቼ ሠራተኛ እንጥራ ሲሉኝ እንቢ እላቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ላንተ ልንገርህ።

በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ በልጅነቴ ነው። ቤታችን ከመሐል ሜዳ ከተማ ዳር፣ ተዳፋት ላይ ነበር፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ክረምት ሲገባ ከበላያችን የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ወደ ጓሯችን ይመጣል። አባቴ በጉልምስናው ለዚህ ውሃ ቦይ ቆፍሮለት ነበር። ግራና ቀኙን በድንጋይ ገንብቶ፣ ላዩን በሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከድኖ፣ በቤቱ ጎን አሳልፎ ከታች በታናሽ ወንድሙ ግቢ በኩል ወደ ፈፋው ያስወጣዋል። ሲሠሩት ሁለቱ አብረው ነበሩ፤ ያኔ ግቢው አንድ ነበር።

እኔ ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ ግን በመካከሉ የድንጋይ ካብ ቆሟል። ወንድማማቾቹ በአባታቸው ርስት ተጣልተው፣ ሽማግሌ ቢቀመጥ ቢቀመጥ አልሆነም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው በሌላ በር ይወጣል። አጎቴ ከካቡ ወዲያ ሲያስል እንሰማዋለን፤ የእኛን ጭስ እነሱ ያያሉ። ካቡን አቋርጦ የሚያልፍ ውሃው ብቻ ነበር።

በዚያ ክረምት አባቴ ደረቱን ታሞ ከመደቡ መነሣት አቃተው። እናቴ ሁለት የበግ ጠጉር ዝተት ብትደርብለትም ብርዱ ከአጥንቱ አልወጣ አለ። ቦዩን በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚጠርገው እሱ ነበር። በዚያ ዓመት ማንም አላስታወሰውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ሲያባራ ጓሮው ነጭ ሆኖ ነበር፤ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ከዚያ መቅለጥ ጀመረ። ውሃው በቦዩ አፍ ገብቶ ጥቂት ከተንጎራጎረ በኋላ ጸጥ አለ። ተመልሶም ሞላ። ጥቁር፣ የሚሸት ውሃ በግድግዳው ሥር እየሰረገ አባቴ ወደተኛበት መደብ መጣ። መደቡ ከጭቃ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ ከራሰ ይናዳል። እናቴ በጣሳ እየቀዳች ወደ ደጅ ትደፋለች፣ የደፋችው ተመልሶ ይገባል።

"ሰው እንጥራ" አለች።

"በዚህ በረዶ ማን ይመጣል?" አለና አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ዶማውን ያዢ። እኔ እነግርሻለሁ።"

ቀሚሴን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ። እሱ ከመደቡ ሆኖ፣ ሳሉ እየቆረጠው በበሩ ይጮኽልኛል። "ከማዕዘኑ ጀምሪ! ሰፊውን ወደ ራስሽ ሳቢው!" ድንጋዩን እየፈነቀልሁ ከሥሩ ያለውን በእጄ ዛቅሁ። እናቴ ያጠበችው የበግ ጠጉር ብጥስጣሽ፣ ከክዳኑ የወረደ ጓሳ፣ አመድ፣ አተላ፣ ሁሉም እንደ ገመድ ተጠላልፎ ይወጣል። ሽታው ያንቃል። ውሃው ጣቶቼን ስላደነዘዛቸው፣ መቆረጤን ያወቅሁት ደሙን ሳይ ነው። ጠባሳው ይኸውልህ፣ አሁንም አለ።

እንዲህ እያልሁ ካቡ ሥር ደረስሁ። በደረቴ ተኝቼ እጄን እስከ ብብቴ ብሰድ የምነካው የተጠቀጠቀ ጭቃ ብቻ ሆነ።

"ካቡ ሥር ነው የተደፈነው!" ብዬ ጮኽሁ። "ከወዲያ ካልተከፈተ አይሆንም!"

"ልሂድና ልንገረው?" አለች እናቴ። አባቴ ግን "በእንጨት ውጊው፣ ልጄ" ብቻ አለኝ።

የባሕር ዛፍ አጣና አምጥቼ ወጋሁት። ደጋግሜ ወጋሁት። ማልቀስ ጀምሬ ነበር። እንጨቱን ስስብ ግን ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ብረት ድንጋይ ሲጭር። ከካቡ ወዲያ ሰው ይቆፍራል። "ማነው?" አልሁ። መጫሩ ፈጠነ። እኔም ከዚህ ወገን በእጄ መቧጠጥ ያዝሁ። በመጨረሻ ጭቃው ላላና አንድ ሻካራ፣ ትልቅ እጅ ነካኝ። ደንግጬ ልሸሽ ስል ጣቶቼን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀኝ።

"እጅሽን አውጪ፣ ውሃው ይመጣል" አለ አጎቴ። እኔን ሲያናግር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ውሃው እያጉረመረመ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ አጎቴ በመንገዱ ዞሮ በራችን ላይ ቆመ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

"ጋሼ፣ ውሃው ወጣ?"

"ወጣ። ግባ እንጂ።"

"እግሬ ጭቃ ነው።"

"ቤቱስ ምን የተሻለ ሆነና?"

እናቴ የሳቀች መስሎኝ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች።

አጎቴ ገብቶ ከአባቴ ግርጌ ተቀመጠ። "ሰኔ ላይ መጥረግዎን እየሰማሁ ነበር የምከርመው" አለ አቀርቅሮ። "ዘንድሮ ዝም ሲል ጋሼ ታመዋል የሚሉት እውነት ነው አልሁ። ዛሬ ደግሞ ያን ያህል በረዶ ጥሎ ከእኔ ወገን ቦዩ ደረቀ። መቀመጥ አቃተኝ።"

አባቴ እጁን ከዝተቱ ሥር አውጥቶ የወንድሙ ጉልበት ላይ አኖረው። ከዚያ እስኪመሽ ስለ ቦዩ ብቻ አወሩ፤ ትልቁን ድንጋይ ከየት እንዳመጡት፣ ማን ጀርባውን እንደታመመ። ስለ ርስቱ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ወዲያ አጎቴ በየማታው ይመጣ ነበር። ብዙ ማታ ግን አልነበረም። መስቀል ሳይደርስ አባቴ ዐረፈ።

አርባው እንዳለፈ አንድ ጠዋት አጎቴ ካቡን ሲያፈርስ አየሁት። ሁሉንም አይደለም፤ ከቦዩ በላይ፣ ሰው የሚያሳልፍ ያህል። ድንጋዩን ግራና ቀኝ አስተካክሎ ከመረና እናቴን "እትዬ፣ በመንገድ እየዞሩ አይድከሙ" አላት።

እናቴ በዚያው ቀን አለፈችበት። እኔም አለፍሁ፤ የአጎቴ ልጆች፣ በጎቹ ሳይቀሩ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱበት። አባቴ ብቻ አንድ ቀን እንኳ ሳያልፍበት ቀረ።