ቀለሙ የሚለቀው ልጅ

ጌትነት ከሚያስተናግዳቸው ደንበኞች የሚያባርራቸው ይበልጣሉ። እሱ ቅዳሜ ገበያ መግቢያ ላይ በፍላሽና በሚሞሪ ፊልም ይጭናል፤ እኔ ከአንዲት ቆርቆሮ ግድግዳ ወዲህ ልብስ እሰፋለሁ። ስለዚህ ወሬውን ሁሉ ወድጄም ሳልወድም እሰማለሁ። አንዱ ይመጣና «የቱርኩን ቀጣይ ክፍል ጫንልኝ» ይለዋል። ጌትነት መጫኑን ይጭናል፤ ዝም ብሎ ግን አይጭንም። «ሴትዮዋ ባለቀሰች ቁጥር ሙዚቃው ምንድን ነው? እናትህ ስታለቅስ ከጀርባዋ ሙዚቃ ሰምተህ ታውቃለህ?» ይለዋል። ሰውዬው ፍላሹን ይቀበልና በዚያው ይቀራል።

እሱ የሚወደው የጃፓን ካርቱን ነው። ያውም ወጣቶቹ የሚሻሙበትን፣ ሰይፍና ጩኸት ያለበትን አይደለም። እሱ የሚወዳቸውን ጃፓኖቹ ራሳቸው አይተዋቸው የሚያውቁ አይመስለኝም። በአንደኛው አንዲት አሮጊት ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቃለች፤ ዝናቡ አያባራም፤ ፊልሙ አለቀ። በሌላው አንድ ከተማ ውስጥ በየጠዋቱ አንድ ቤት ይጠፋል፤ ነዋሪው ሁሉ እንዳላየ ያልፋል፤ ፖስታ አመላላሹ ብቻ መንገዱ ስላጠረለት ያፏጫል። «አሁን ይኸ ምኑ ፊልም ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ነጃት፣ አንቺ ኮሌታ ስትሰፊ ክሩ ይታያል?» አለኝ። ቢታይማ ማን ይገዛኛል አልሁት። «ፊልምም እንደዚያ ነው። ክሩ ከታየ ተበላሸ» አለ። በሥራዬ መጣብኝ።

አንድ ልማድ ነበረው። ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ተመልካቾቹ ዞር ይልና «ተረዳችሁት?» ብሎ ይጠይቃል። አልተረዳንም ካሉት ደስ ይለዋል። ተረድተናል ካሉት ይቆጣል፤ «በአንዴ የሚገባማ ማስታወቂያ ነው!» ይላል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ጎንደር አላፈራችም።

ፊልሞቹን ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ የሚያመጣለት ታናሽ ወንድሙ አንዳርጋቸው ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሳቂታ፣ ሲገባ ቆርቆሮውን በጣቱ ቀጭ ቀጭ አድርጎ እኔንም ሰላም ሳይል የማያልፍ። ሁለቱ የሚጣሉበት አንድ ፊልም ነበር። አንድ ቤተሰብ ማታ ማታ ለራት ይቀርባል። የትልቁ ልጅ ቀለም በየቀኑ ይለቃል፤ መጀመሪያ የሸሚዙ፣ ቀጥሎ የፊቱ፣ በኋላ በእርሳስ የተሠመረ መስመር ብቻ ይቀራል። መስመሩም ይጠፋል። ስለ ልጁ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም፤ እናትየው ግን ሳህኑን ሳታስቀምጥ አታድርም። መጨረሻ ላይ በሩ ይንኳኳል። ማን እንዳንኳኳ ሳያሳዩን ፊልሙ ያልቃል።

«ልጁ ነዋ! ተመልሷል» ይላል አንዳርጋቸው።

«ነፋስ ነው። ልጁ አይመለስም። የሾፌር ነገር፣ የሄደ ሁሉ የሚመለስ ይመስልሃል።»

«እኔ እየተመለስሁ አይደል?»

እናታቸው እማማ የትነበርሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ይሰሟቸዋል። ከሰዓት ከሰዓት ከጌትነት ሱቅ አይጠፉም። ቋንቋውን አያውቁም፣ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛም አያነቡም፤ ግን ጌትነት የፊልም ዳኛዬ እሷ ብቻ ናት ይል ነበር። «ሸጋ ነው» ይላሉ። «ምነው ግን የልጁን ሳህን የሚያነሳ ጠፋ?»

ባለፈው ነሐሴ አንዳርጋቸው ከአዲ አርቃይ ሲመለስ ሊማሊሞ ላይ መኪናው ገደል ገባ። ናዳ የላይኛውን መንገድ ዘግቶት ስለነበር አስከሬኑን ወደ ጎንደር ማውጣት አልተቻለም። ከተራራው ሥር ያሉ የዛሪማ ሰዎች አንስተው ወደ መጣበት መለሱት፤ አዲ አርቃይ የሚኖሩት የእናቱ ታላቅ ወንድም አያ ዳኛው ቀበሩት። ከዚያ ለጌትነት ደወሉለት። «እናትህ እንዳትሰማ። ደም ግፊት አለባት። መንገዱ ይከፈት እንጂ መጥቼ እኔው አረዳታለሁ» አሉት።

መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም። ታላቅ ዘመድ ባለበት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ባለ ሐዘኗ «አልተረዳችም» ትባላለች፤ የሰማ ሁሉ ፊቷ ላይ እየሳቀ ይውላል። ጌትነት በማግስቱ ወደ እኔ ገባ። ፊቱ ደርቋል።

«ነጃት፣ ለእማዬ ጥቁር ቀሚስ ስፊልኝ። የምትረዳ ቀን ትለብሰዋለች።»

እንባዬ ሲመጣ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ወዲያ የቱርክ ፊልም ተከፈተ። እንዲያ የሚጠላውን ሙዚቃ እስከ መጨረሻው አጮኸው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከሙዚቃው ሥር ሌላ ድምፅ ስሰማ ነው። እንደ ሕፃን ነበር የሚያለቅሰው።

ቀሚሱን ቆርጬ ሳልጨርስ እማማ የትነበርሽ መጡ። ጌትነት ምሳ ሊበላ የወጣበትን ሰዓት ጠብቀው ነው። ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም።

«ነጃት ልጄ፣ ለጌትነት ጥቁር ሸሚዝ ስፊለት። የሚረዳ ቀን ይለብሰዋል።»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ለካ ከባታ ማርያም ቅዳሴ ሲወጡ አንዲት ያገራቸው ሴት የተረዱ መስሏት «በአንዳርጋቸው እግዜር ያጥናሽ» ብላቸዋለች። እሳቸውም እዚያው ግንቡ ሥር ተቀምጠው አልቅሰው፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤት ገብተዋል።

«እማማ፣ ጌትነት እኮ…» ብል አፌን በመዳፋቸው ያዙኝ።

«ጌትነት አልተረዳም። የወንድሙ ነገር አይሆንለትም፤ ሰምቶ እንደሁ ይሞትብኛል። ዳኛው መጥቶ ያርዳው። እስከዚያ አደራ፣ አደራ ብያለሁ።»

ንድድ አለኝ። ወዲያም አደራ፣ ወዲህም አደራ! ዘመድ አይደለሁ፣ ሽማግሌ አይደለሁ፤ የሰው መርዶ ከቶ በምን አፌ ልናገር? ሸሚዙን ከቀሚሱ ከተረፈው ጨርቅ ቆረጥሁት። ሁለቱንም ሰፍቼ አንድ ላይ አጥፌ መደርደሪያው ላይ ከነጭ ልብሶቹ ኋላ ደበቅኋቸው።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን በጠላቴ ጆሮ አይድረስ። «ምነው አንዳርጋቸው አልደወለም?» ይላሉ እናት፣ ልጃቸው እንዳይጠረጥር። «ኔትወርክ የለም እማ» ይላል ልጅ። «አይ ይኸ ኔትወርክ!» ይላሉ፤ ይሳሳቃሉ። እሳቸው ምግብ ሲገፉ በፍልሰታ ያሳብባሉ፤ ጾሙ ሲፈታ ጨጓራዬ ነው አሉ። እሱ ውጭ በልቻለሁ ይላል፤ የት እንደበላ እንጃ፣ ሱሪውን ሁለቴ አጠበብሁለት። አንድ ቤት አድረው፣ አንድ ሱቅ ውለው፣ አንዱ ለአንዱ ብሎ ብቻ ብቻቸውን ያልቁ ጀመር። አንድ ቀን እማማ የትነበርሽ ደጄ ላይ ተንገዳግደው ክንዴ ላይ ወደቁ። ውኃ አቀመስኋቸውና «እንዳትነግሪው» አሉኝ። አያ ዳኛውም አልመጡም፤ መንገዱ ተጠረገ ሲባል ሌላ ናዳ ይወርዳል።

መስከረም ገብቶ አንድ ከሰዓት ጠፍቶ የዋለው መብራት መጣ። እማማ የትነበርሽ የምስሩን ሰፌድ ከጉልበታቸው አወረዱ።

«ያን ቀለሙ የሚለቀውን ልጅ ክፈትልኝ» ሲሉ በግድግዳው ሰማሁ።

«ሌላ ልክፈትልሽ፣ የአሮጊቷን።»

«እሱን ነው ያልሁህ። ነጃትንም ጥራት።»

ተጠርቼ ገባሁ። ከእናትና ከልጅ መካከል ባለችው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጥሁ፤ ሁለቱንም ማየት ፈርቼ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልሁም። የልጁ ሸሚዝ ነጣ። ፊቱ ነጣ። ለወትሮው ጌትነት እዚህ ጋ ይህን እዩ፣ ያን እዩ እያለ ሰው አያስቀምጥም ነበር፤ አሁን እጁን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል። መስመሩ ጠፋ። እናትየው ሳህኑን አስቀመጠች፤ ጀርባዋ ነው የሚታየው። በዓይኔ ጠርዝ አየሁ፤ እማማ የትነበርሽ በዚያን ጊዜ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው አጣፉ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። ጌትነት ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርጎ ስለነበር አላያቸውም።

በሩ ተንኳኳ። ፊልሙ አለቀ።

ጌትነት ምን ያድርግ፣ የለመደው አፉ ነው የተናገረው። «ተረዳሽው እማ?» አለ።

«ተረድቻለሁ» አሉ። «አንተስ ልጄ? ተረድተሃል?»

ዞር ሲል የተገለበጠውን ጥለት አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ የነገርኋቸው መስሎታል። አልነገርሁም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ እናቱ ዞረ።

«ተረድቻለሁ እማዬ።»

የዚያን ቀን ለቅሶ ገበያው ሁሉ ሰምቶታል፤ የሚሸፍነው ሙዚቃ አልነበረም። «አንተም ብቻህን? ብቻህን ልጄ?» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እሱ እግራቸው ሥር ተደፍቶ ነበር። ሮጬ ሁለቱን ጥቁር ልብሶች አመጣሁ። እማማ የትነበርሽ ቀሚሱን ሲቀበሉኝ የሸሚዙን ጨርቅ በጣታቸው ደባበሱት። «ከአንድ ጣቃ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። ለእሱ ሸሚዙን እሳቸው አለበሱት፤ ቁልፉን እሳቸው ቆለፉለት።

አያ ዳኛው መንገዱ ተከፍቶ፣ ሽማግሌ አስከትለው፣ ማለዳ ሲደርሱ ድንኳን ተተክሎ፣ እኛ ተቀምጠን አገኙን። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡበትን ነገር ሌላ ሰው ቀምቷቸው ስላዩ ለቅሶው መሐል ተቆጡ።

«ማን ነው ያረዳችሁ?»

«ጃፓኖች» አሉ እማማ የትነበርሽ።

አያ ዳኛው እኔን አፍጥጠው አዩኝ። በዚያ ሐዘን ውስጥ ጌትነት ሳቅ አምልጦት፣ ሳቁ መልሶ ለቅሶ ሆነበት።

ሱቁን ከአርባው በኋላ ከፈተ። ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥቶ የሚገርም ፊልም አለህ ሲሉኝ ነው የመጣሁት አለው። ያንኑ ፊልም ከፈተለት። እኔ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር፤ የፊልሙ በር ሲንኳኳ በግድግዳው ሰማሁና እግሬን ከስፌት መኪናው አነሳሁ።

«ማን ነው ያንኳኳው? ልጁ ተመለሰ እንዴ?» አለ ተማሪው።

ቁጣውን ጠበቅሁ። ጌትነት ቴሌቪዥኑን ሲያጠፋ ሰማሁ።

«እኔ አይመለስም ባይ ነኝ» አለው። «ወንድሜ ግን ተመልሷል ይላል።»